ከኮምቦልቻ ላሊበላ በአውሮፕላን ስንት ደቂቃ ነው? 24 ምላሽ ያስነሳ ጥያቄ

ጠያቂው የደሴ ልጅ ነው። እናቱ ለገና ላሊበላ ሄደው መሳለም ይፈልጋሉ። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ረጅም የመኪና መንገድ ይከብዳቸዋል። ውጭ አገር ያለው ታላቅ ወንድሙ ካርታ ላይ አይቶ፣ ኮምቦልቻና ላሊበላ እኮ ጎረቤት ናቸው፣ ሁለቱም አየር ማረፊያ አላቸው፣ እማዬን በአውሮፕላን ላካት፣ ሩብ ሰዓት ቢፈጅ ነው ብሎታል። ልጁ ትኬት ሲፈልግ ግን የሚመጣለት ሁሉ በቦሌ በኩል የሚዞር ነው። ግራ ገባው። ስለዚህ ሁለት ነገር ጠየቀ። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት በትክክል ስንት ነው? በረራውስ ስንት ደቂቃ ይወስዳል? የወሎ ልጆች አደራችሁን፣ የምታውቁ ብቻ መልሱልኝ ብሎ በትሕትና ዘጋው።

የምታውቁ ብቻ ያለው አልሠራም። እንደተለመደው ሁሉም ዐዋቂ ሆኖ መጣ። እኔ የምላሾቹን ክር ከላይ እስከ ታች አንብቤዋለሁ፤ መሃሉ ላይ ወደ ስድብ ያዘነበለ ቢሆንም ከብዙ የመንገድ መረጃ የተሻለ ነገር አለበት። ጭቅጭቁ ሁሉ የመጣው ሰው የየራሱን ርቀት ይዞ ስላወራ ነው። አንዱ የመኪናውን፣ አንዱ የካርታውን፣ አንዱ የትኬቱን።

1ኛው አብሽር ብሎ ጀመረ። ሹፌር መሰለኝ፣ መንገዱን በቃሉ ነው የሚያነበንበው። ከደሴ ወልድያ 120 ኪሎ ሜትር፤ በሐይቅ፣ በውጫሌ፣ በውርጌሳ፣ በመርሳ አድርጎ። ከወልድያ ሽቅብ ወደ ዲልብ፣ ከዚያ በቻይናው መንገድ እስከ ጋሸና። ጋሸና ላይ ቀጥ ያለ ሰው ባሕር ዳር ይገባል፣ ወደ ቀኝ የታጠፈ 64 ኪሎ ሜትር ሄዶ ላሊበላ። ሲደመር ወደ 300 ነው አለ። ሰዓቱን ደግሞ 7 ወይም 8 አደረገው፣ ቁርስና ምሳ ሳይቆጠር። ጋሸና ላይ ብርዱ አጥንት ስለሚሰብር ለእናትህ ጋቢ ደርብላቸው ብሎም ጨመረ። ልጁ ስለ አውሮፕላን መጠየቁን ያስታወሰ አይመስልም።

2ኛው አጭር ነው። 127 ኪሎ ሜትር። ሌላ ምንም የለም፣ ሰላምታም የለም።

3ኛው ስህተት ነው አለ፤ እሱ ያየው 69 ነው። 4ኛው ሁለታችሁ ስለ አንድ አገር ነው የምታወሩት ወይ ብሎ ቀለደ። ከ69 እስከ 300 ድረስ ሦስት መልስ መጥቶ ጠያቂው ምን ይሁን?

5ኛው በትዕግሥት ፈታው። 300 የመኪና መንገዱ ነው። 127 ከአየር ማረፊያ እስከ አየር ማረፊያ በቀጥታ መስመር ሲለካ ነው። 69 ደግሞ ኪሎ ሜትር አይደለም፤ አብራሪዎችና መርከበኞች የሚለኩበት የባሕር ማይል ነው። አንዱ የባሕር ማይል 1.852 ኪሎ ሜትር ስለሆነ ሲባዛ መልሶ እዚያው 127 አካባቢ ይመጣል። ስለዚህ ሦስቱም አልተሳሳቱም። ከደሴ ከተማ እስከ ላሊበላ ከተማ በቀጥታ ቢለካ ደግሞ 120 ገደማ ነው አለ፤ ከደሴ ወልድያ በመኪና እንደሚሄዱት ማለት ነው። ይቺ ነገር እኔን ገረመችኝ። ወልድያ ስትደርስ በአየር ቢሆን ኖሮ ላሊበላ ገብተህ ነበር፤ በመኪና ግን ገና ግማሹን አልጨረስክም። 3ኛው አላመሰገነም። ዝም አለ።

ከዚህ በኋላ 6ኛው መጣ፣ ክሩም መሞቅ ጀመረ። የሒሳብ ሰው ነው፣ በራሱም በጣም ይተማመናል። በአገር ውስጥ መስመር የሚበረው ዳሽ-8 ኪው-400 የሚባለው ባለ ሁለት ፐሮፔለር አውሮፕላን ነው፤ ከፍተኛ ፍጥነቱ በሰዓት 660 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። 127 ለ660 ሲካፈል 12 ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ወንድምህ ሩብ ሰዓት ማለቱ ራሱ አብዝቶ ነው አለ። ሒሳቡ ላይ ስህተት የለበትም።

7ኛው እዚህ ላይ ገባ። የክሩ ምርጥ ምላሽ ለእኔ ይሄ ነው፣ ቃናው ትንሽ ቢቆረቁርም። አየር ማረፊያ ውስጥ የሠራ ሰው ይመስላል። አውሮፕላን እኮ ማኮብኮቢያው ላይ በ660 ሆኖ አይወለድም አለ። በር ይዘጋል፣ ሞተር ይነሳል፣ በእርጋታ እየተንከባለለ እስከ ማኮብኮቢያው ጫፍ ይሄዳል። ተነሥቶ ሽቅብ ሲወጣ ፍጥነቱ ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። ሁለቱም አየር ማረፊያዎች ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር አካባቢ ናቸው፤ አየሩ ሳሳ ስለሚል ለመነሣት ረዘም ያለ መንደርደሪያ ይፈልጋል። ላስታ ላይ ደግሞ አቡነ ዮሴፍ አለ፣ 4,260 ሜትር። ከእሱ ጋር ማንም አይቀልድም፣ በቂ ከፍታ መያዝ ግድ ነው። በ127 ኪሎ ሜትር ውስጥ አውሮፕላኑ ወጥቶ ሳይጨርስ መውረድ ሊጀምር ነው። ቀጥሎ ለማረፍ መስመሩን ማስተካከል አለ፣ እንደ ነፋሱም ዞሮ መግባት ሊኖር ይችላል፣ አርፎ ደግሞ እየተንከባለለ እስከ መቆሚያው።

ትኬት ላይ የሚጻፈው ሰዓት ደግሞ ይሄን ሁሉ የያዘ ነው አለ። አውሮፕላኑ ከቆመበት ከተነቃነቀ አንሥቶ ተመልሶ እስኪቆም ድረስ። ማስረጃውም ቀላል ነው። ከአዲስ አበባ ላሊበላ በቀጥታ መስመር 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በ6ኛው ስሌት 30 ደቂቃ መሆን ነበረበት። ትኬቱን አውጥታችሁ እዩት፣ አንድ ሰዓት ገደማ ይላል። ስለዚህ ከኮምቦልቻ ላሊበላ ቀጥታ በረራ ቢኖር ትኬቱ ላይ የሚጻፈው ከ30 እስከ 35 ደቂቃ ነበር።

6ኛው በ8ኛው ምላሽ ተመለሰ። እኔ ያልኩት የበረራ ሰዓት ነው እንጂ መሬት ለመሬት መንከባለሉን አይደለም ብሎ ተከራከረ። 9ኛዋ፣ ሴት ናት፣ እናትየዋ በአየር ላይ አይደል የሚሳፈሩት፣ በአየር ላይም አይወርዱ ብላ ዘጋችው። ብዙ ሰው ሳቀላት። እሱ ግን አልሳቀም፤ ፊዚክስ አታውቁም ወደሚል ነገር ገባ፤ 7ኛውም በዚያው ቃና መለሰለት። ያንን ልለፈው።

10ኛው ጠቡን ለማብረድ ይሁን ወይም ጨዋታ ስለሚወድ አላውቅም፣ የአክስቱን ታሪክ አመጣ። አክስቱ ከኮምቦልቻ ወደ አዲስ አበባ ሊበሩ ትኬት ተቆርጦላቸው 07:20 ይላል። እሳቸው 7 ሰዓት ከ20 ብለው፣ ምሳቸውን በልተው፣ ቡናቸውን ሦስተኛውን ድረስ ጠጥተው፣ ነጠላቸውን ተከናንበው ከቀትር በኋላ አየር ማረፊያው በር ላይ ደረሱ። አውሮፕላኑ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከ20 ላይ ሄዷል። ዘበኛው ነገሩን ሲያስረዳቸው፣ ታዲያ ቀን ነው ማታ ብለው ለምን አልጻፉትም ብለው ተቆጥተው እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ አለ። 11ኛው የሱም አባት እንዲሁ ሆነው እንደነበር ጽፎ፣ ለሽማግሌ ትኬት ሲቆረጥ ሰዓቱን በእስክርቢቶ በሐበሻ አቆጣጠር ጀርባው ላይ ጻፉ ብሎ መከረ። ርካሽ መፍትሔ ናት፣ ትሠራለች።

12ኛው የኮምቦልቻ ልጅ ነው፣ ሆድ የባሰው። አየር ማረፊያው ያለው ኮምቦልቻ፣ በዓለም አቀፍ መለያው ግን የተሰጠው ፊደል ዲ ኤስ ኢ፣ ደሴ ማለት ነው። ሜዳው የእኛ፣ ስሙ የእነሱ አለ። 13ኛው የደሴ ሰው አልቻለም። ፋብሪካውም፣ ደረቅ ወደቡም፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩም እናንተ ጋ ሄዶ ሦስት ፊደል ቢቀርልን ምን አለበት ብሎ መለሰ። ሁለቱ ከተሞች 25 ኪሎ ሜትር እንኳ በቅጡ አይራራቁም፣ ይሄ ክርክር ግን እኔ ከማውቀው ጀምሮ አለ፣ የሚያልቅም አይመስለኝም።

14ኛው ከናካቴው ወደ ባቡር ሄደ። ከአዋሽ በኮምቦልቻ አድርጎ ወልድያ አጠገብ ሐራ ገበያ የሚደርሰው፣ ወደ 390 ኪሎ ሜትር የሚሆነው ሐዲድ የት ደረሰ ብሎ ጠየቀ። ባቡሩ ቢሠራ ጠያቂው እናቱን አስተኝቶ ወልድያ ያደርስ ነበር አለ። ሐቁን ነው። ጦርነቱ በ2014 ዓ.ም መጀመሪያ ወሎን ሲያምስ ሐዲዱም ብዙ ነገር ቀረበት። ማንም አልመለሰለትም፤ ይሄ ጉዳይ ሲነሣ ሰው ዝም ይላል።

15ኛው ወደ ጥያቄው መለሰን። ቀጥታ በረራ ለምን የለም? ቁጥሩን አስቀመጠ። ከኮምቦልቻ ቦሌ 253፣ ከቦሌ ላሊበላ 332፣ ድምር 585 ኪሎ ሜትር። ለ127 ኪሎ ሜትር ከአራት እጥፍ በላይ መዞር ነው። ግን አውሮፕላኖቹ የሚያድሩት፣ የሚጠገኑትና ነዳጅ የሚሞሉት ቦሌ ነው። 70 ሰው ገደማ የሚጭን አውሮፕላን በየቀኑ ከኮምቦልቻ ላሊበላ የሚሞላው ማነው? ለገናና ለፋሲካ ይሞላል፣ ለሐምሌ ክረምትስ? አጭር በረራ ደግሞ ዋጋው አጭር አይደለም፤ ነዳጁ በብዛት የሚያልቀው ሽቅብ ሲወጣ ነው፣ ጎማውና እግሩም የሚያልቀው በማረፍ ብዛት ነው።

16ኛው አልተዋጠለትም። መንገደኛ የሌለው በረራ ስለሌለ ነው እንጂ ሰው ስለጠፋ አይደለም አለ፣ ኮስተር ብሎ። ነጋዴ አለ፣ ታማሚ አለ፣ ደሴ ሆስፒታል የሚመላለስ የላስታ ሰው አለ፤ እነሱ ዛሬም በሚኒባስ ተጣበው ይሄዱ የለ ወይ? አየር መንገዱ ድሮ ትዊን ኦተር የሚባሉ ትንንሽ አውሮፕላኖች ነበሩት፣ 20 ሰው የማይሞሉ፣ በአጭር ሜዳ የሚያርፉ። ለዚህ መስመር የሚሆነው እንደዚያ ያለ ነው አለ። እኔ በግማሹ ከ16ኛው ጋር ነኝ። ሰው እንዳለ መናኸሪያ ሄዶ ማየት ይበቃል። ግን በሚኒባስ የሚሄደው ሰው የአውሮፕላን ዋጋ ሲነገረው አብሮ ይቀጥላል ወይ? 16ኛው እዚያ ላይ አልደረሰም።

17ኛው አቋራጭ አለኝ ብሎ መጣ። ካርታው ላይ ከደሴ ላሊበላ መስመር ብታሰምሩ በደላንታና በዋድላ ላይ ነው የሚያልፈው። ታዲያ ወልድያ ድረስ ምን ወሰደን? በኩታበር ወጥቶ፣ በሽሎን ተሻግሮ፣ ወገል ጤና፣ ከዚያ ጋሸና። በኪሎ ሜትር ያጥራል።

18ኛው የደላንታ ሰው ነው፤ ሳይሰድብ ግን ሳይራራም አረመው። ያጥራል፣ አዎ። በሽሎን ግን አይተኸዋል ወይ? ከደጋው ጫፍ ላይ ሆነህ ማዶውን ታያለህ፤ በጉ ሲግጥ ሁሉ የሚታይ ነው የሚመስለው። ከዚያ ግን ወደ ቆላው እየተጠማዘዝክ ወርደህ፣ ሸሚዝ የሚያስወልቅ ሙቀት ውስጥ ገብተህ፣ ያንኑ ያህል ደግሞ ሽቅብ ትወጣለህ። ከደላንታ አልፎ ጅጣ አለ፣ ሌላ ገደል። በሽሎ ውሃውን ይዞ ወደ ዓባይ ይሄዳል፣ ከላስታ በኩል ያለው ውሃ ወደ ተከዜ፤ እነዚህ ወንዞች ደጋውን ሸርሽረው ሸርሽረው በየመሃሉ ገደል አድርገውታል። ዋናው መንገድ በምሥራቅ ጠርዝ ዞሮ በወልድያ የሚሄደው ወድዶ አይደለም አለ። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም ሴባስቶፖልን ከደብረ ታቦር መቅደላ ለማድረስ እነዚህን ገደሎች እየቆፈሩና እየደለደሉ ወደ ስድስት ወር እንደፈጀባቸው አስታወሰ። የአንተ እናት ከመድፉ ይሻላሉ፣ ግን ጉልበታቸውን ያማቸዋል ብሎ ጨረሰ።

ክሩ ካፈራው ሁሉ ይሄኛውና 7ኛው ቢለጠፉ ሌላው ቢጠፋም ግድ የለኝም። የውጭ አገሩ ወንድም ያጣው ይሄን ነው፤ ስልኩ ላይ ያለው ካርታ ጠፍጣፋ ነው።

19ኛው ወገል ጤና ስትደርሱ ኦፓል የሚሸጥ ሰው አውቃለሁ ብሎ ስልክ ሊያስቀምጥ ሲል አስተዳዳሪው አነሣበት። የደላንታ ኦፓል የታወቀ ነው፣ ቦታው ግን እዚህ አልነበረም።

20ኛው ለእናትየዋ አዝኖ ነው መሰለኝ ላሊበላን ለምን አትተዉትም አለ። ግሸን ማርያም አለች፣ እዚሁ አምባሰል፣ ቅርብ ናት፣ ግማደ መስቀሉ ያለባት። 21ኛዋ፣ ያቺው 9ኛዋ ናት፣ ለጉልበት ሕመምተኛ ግሸንን የሚመክር ሰው አምባውን ወጥቶ አያውቅም ማለት ነው አለች። ደግሞ የግሸን ንግሥ መስከረም 21 ነው፣ ሴትዮዋ የሚፈልጉት ገና ነው። ሊያዩ የሚፈልጉት ቤተ ማርያም ላይ ካህናቱ ከላይ ከታች ሆነው ቤዛ ኩሉ ሲሉ ነው። እሱን በግሸን ማካካስ አይቻልም። 20ኛው ይቅርታ ጠየቀ፣ በጨዋ ደንብ።

22ኛዋ ነርስ መሆኗን ጻፈች፣ እስክርቢቶ ይዛ የተቀመጠች ትመስላለች። ኪሎ ሜትሩን ተዉት፣ ከቤት በር እስከ አልጋ ስንት ሰዓት ነው አለች። በአውሮፕላን፦ ከደሴ ኮምቦልቻ በሐረጎ ጠመዝማዛ መውረድ፣ ቀደም ብሎ ደርሶ ፍተሻና ጥበቃ፣ ወደ አንድ ሰዓት የሚጠጋ በረራ፣ ቦሌ ላይ እንደ ዕድል መጠበቅ፣ ሌላ አንድ ሰዓት፣ ከዚያ አየር ማረፊያው ካለበት ከሹምሸሃ እስከ ላሊበላ ከተማ 23 ኪሎ ሜትር ዳገት። ሁሉም ቢሳካ ስድስት ሰባት ሰዓት። ባይገጣጠም አዲስ አበባ ማደር ነው። በመኪና ደግሞ 1ኛው እንዳለው ሰባት ስምንት ሰዓት። ልዩነቱ ያን ያህል አይደለም። ለጉልበት ግን ልዩነት አለው አለች። በአውሮፕላን ደረጃ መውጣትና መውረድ አለ፣ ተሸከርካሪ ወንበር ግን ጠይቀህ ታገኛለህ። በመኪና ችግሩ አንድ ቦታ ታጥፎ መቀመጡ ነው፤ በየሰዓቱ አቁሞ ትንሽ ማራመድ፣ ከፊት ወንበር ማስቀመጥ፣ ወልድያ ላይ ማደር። በአንድ ቀን አትጨርሱት። መንገዱን ደግሞ የሄዳችሁ ዕለት ጠዋት ከሚያውቅ ሰው ጠይቁ፣ የዛሬ ሳምንት ሰላም ነበር ማለት ዋስትና አይሆንም። በአውሮፕላን ከወሰናችሁ ደግሞ ገና ሲቀርብ ወንበር ስለማይገኝ ከአሁኑ ቁረጡ።

23ኛው ጠያቂው ራሱ ነው። ሁሉንም በየቁጥራቸው አመሰገነ፣ 6ኛውንም ጭምር። ነገሩን ለእናቱ ነግሯቸዋል። ላስታ ለመግባት መጀመሪያ አዲስ አበባ መሄድ አለብሽ ሲላቸው ሳቁበት፤ ከጎረቤት እሳት ልጭር ብዬ ሸዋ ልውረድ እንዴ አሉት። ስለዚህ በኮንትራት ዶልፊን ይዘው ታኅሣሥ 26 ጠዋት ከደሴ ሊወጡ፣ ወልድያ ዘመድ ቤት ሊያድሩ፣ በማግሥቱ በጋሸና ሊገቡ ወሰኑ። የኋላውን ወንበር አስነቅሎ ፍራሽ ሊያደርግ አስቧል። ለወንድሙም የ7ኛውንና የ18ኛውን ምላሽ ልኮለታል፤ ወንድሙ እስካሁን ያለው እሺ ብቻ ነው።

24ኛው መኪናው በሐይቅ ሲያልፍ አንድ ሰው የሚይዝ ቦታ ይኖራችሁ ይሆን፣ የድርሻዬን እከፍላለሁ ብሎ ጠየቀ። ስሙን ሳየው 6ኛው ነው። ጠያቂው የኋላው ወንበር እንደሚነቀል አንብበሃል ወይ ብሎ በፈገግታ ምልክት መለሰለትና ስልኩን በውስጥ መስመር እንዲልክለት ነገረው።